የ«ተተበተበብኝ» ፍቺ

[ጠባብ የሹራብ መሥሪያ ክፍል። ግድግዳውን ተጠግቶ የሹራብ ማሽን፣ ከኋላ ወደ መተኮሻው ክፍል የሚያስገባ መጋረጃ። ጠረጴዛው ላይ ትራስ የሚያህል ቀይ ክር እርስ በርሱ ተጠላልፎ ተከምሯል። ሹራብ ሠሪው አቀርቅሮ ይፈታል፤ አንድ ነገር እስኪገባው ጊዜ ስለሚፈጅ ሰፈሩ «ኤሊ» ይለዋል። አጠገቡ የእኅቱ ባል ቆሟል። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነው፤ ከማተሚያ ቤት ውጭም አራሚ ነው።]

አራሚው፦ አይባልም አልኩህ፣ አይባልም!

ኤሊ፦ ምኑ ነው የማይባለው ጋሼ?

አራሚው፦ «ክሩ ተወሳሰበ»! ክር አይወሳሰብም። ክር ይተበተባል። የሚወሳሰበው ነገር ነው።

ኤሊ፦ ክር ነገር አይደለም?

አራሚው፦ ክር ዕቃ ነው! ነገር ማለት ጉዳይ ነው፣ ሐሳብ ነው። በእጅ የሚያዘው ይተበተባል፣ በእጅ የማይያዘው ይወሳሰባል። ገባህ?

ኤሊ፦ ገባኝ። [ክሩን ትኩር ብሎ እያየ] ተተበተበ።

አራሚው፦ ጎሽ!

ኤሊ፦ [ጥቂት ጠብቆ] አልተፈታም እኮ።

አራሚው፦ ምኑ?

ኤሊ፦ ክሩ። ስሙን ስናስተካክልለት የሚላቀቅ መስሎኝ ነበር።

አራሚው፦ እኔ ቋንቋ አስተካክላለሁ እንጂ ክር አልፈታም። ለመሆኑ ምን አድርገኸው ነው እንዲህ የሆነው?

ኤሊ፦ ከመደርደሪያ ወደቀ። ላነሣ ብዬ አንዱን ስጎትት ሌላው ጠበቀ። ሌላውን ስጎትት የመጀመሪያው ጠበቀ። አሁን ውሉ ጠፍቶ እሱን እየፈለግኩ ነው።

አራሚው፦ [ደንግጦ] ውሉ ጠፋ? አንተ ሰው! አከራይህ ቢሰማ አንድ ቀን አያሳድርህም! የት አስቀምጠኸው ነበር? [መሳቢያ ይከፍታል፤ አዝራር መሬት ላይ ይበተናል] እዚህ ውስጥ አይተሃል?

ኤሊ፦ የክሩን ውል ነው ጋሼ። ጫፉን።

አራሚው፦ [መሳቢያውን ቀስ ብሎ እየዘጋ] እሱንማ አውቄዋለሁ። እየፈተንኩህ ነው።

ኤሊ፦ አለፍኩ?

አራሚው፦ ለጥቂት።

ኤሊ፦ [አዝራር እየለቀመ] ቤት ሲሆንስ? ቤት ይተበተባል ወይስ ይወሳሰባል?

አራሚው፦ ቤት ምስቅልቅሉ ይወጣል። ቀለም ዝብርቅርቅ ይላል። ዕቃ ይተረማመሳል። ሁሉም የየራሱ ቃል አለው፤ ያገኙትን አንስቶ መወርወር አይደለም።

ኤሊ፦ የእርስዎ ቤት ምስቅልቅሉ ወጥቷል ማለት ነዋ።

አራሚው፦ ማን ነገረህ?

ኤሊ፦ ካልሲዎ።

አራሚው፦ ካልሲዬ ደግሞ ምን ሆነ?

ኤሊ፦ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ ነው። ይኼ ምስቅልቅል ነው ዝብርቅርቅ?

አራሚው፦ [እግሩን ወንበር ሥር እየደበቀ] ይኼ… ጥድፊያ ነው። [ጉሮሮውን ይጠርጋል] እንግዲህ ስማ፣ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። እኅትህ እናታችሁ ቤት ከገባች ሰነበተች። ስልክ አታነሣም። አንተን ትሰማሃለች፤ ንገርልኝ።

ኤሊ፦ እታለምን? ምን ብዬ?

አራሚው፦ «ተመለሺ» ብለህ።

ኤሊ፦ ከዚያስ?

አራሚው፦ ከዚያ በቃ። ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ነው።

ኤሊ፦ አጠረ እኮ።

አራሚው፦ አላጠረም። ባለቤቱ ግሡ ውስጥ አለ።

ኤሊ፦ ኧረ ጋሼ፣ ባለቤትዎማ ወጥታለች።

አራሚው፦ [በንዴት] የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው የምልህ! የሰዋስው ባለቤት!

ኤሊ፦ እኔ ደግሞ የቤቱን እያልኩ ነው። ይልቅ ጋሼ፣ ሲያስረዱ እጅዎ እንዲሁ በከንቱ ከሚወራጭ ትንሽ ያውሱኝ። ወደ ፊት ይዘርጉልኝ፤ የተፈታውን እጠቀልልበታለሁ።

አራሚው፦ እኔ? ክር?

ኤሊ፦ አፍዎን አልነካብዎትም፤ እጅዎን ብቻ ነው።

[አራሚው እያጉረመረመ ሁለት እጁን ይዘረጋል። ኤሊ ክሩን መጠቅለል ይጀምራል። አራሚው አንድ የተንጠለጠለ ጫፍ አይቶ በጥርሱ ይጎትታል።]

ኤሊ፦ ኧረ አይጎትቱ! «ካያያዝ ይቀደዳል» ሲባል አልሰሙም?

አራሚው፦ ተረት ስትተርት ሙሉውን ተርት! «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ነው።

ኤሊ፦ የመጀመሪያውን ግማሽ ለእርስዎ ትቼልዎት ነው።

አራሚው፦ [ትኩር ብሎ አይቶት] አንዳንዴ የምትለው ነገር ትርጉም ያለው ይመስላል።

ኤሊ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አምልጦኝ ነው። እታለም ግን የምትፈልገውን ነግራኛለች።

አራሚው፦ ነግራሃለች? ታዲያ እስካሁን ምን ይዘጋሃል? ምን አለች?

ኤሊ፦ ፍቺ።

[አራሚው እጁን እንደዘረጋ ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል።]

አራሚው፦ ፍቺ?

ኤሊ፦ ፍቺ።

አራሚው፦ ሰው ለአንዲት ቃል ብሎ ፍቺ ይጠይቃል?

ኤሊ፦ ለአንዲት ቃል ነው እንጂ። ለስንት ቃል ኖሯል?

አራሚው፦ ሽማግሌ እንኳ ሳይገባ? ዘመድ ሳይሰማ?

ኤሊ፦ ሽማግሌ ምን ይሠራል? የቃል ፍቺ ከእርስዎ በላይ ማን ሊያውቅ!

አራሚው፦ የምን ፍቺ?

ኤሊ፦ የቃል። «ያልኩት ቃል ፍቺው ምን እንደሆነ ይንገረኝ» ነው ያለችው።

[አራሚው ትንፋሹ ይመለሳል። ይነሣል፤ ኮቱን ሊያስተካክል ይልና እጁ ክር ውስጥ መሆኑን ያስታውሳል።]

አራሚው፦ የቃል ፍቺ! ምነው ከነቃሉ ብትጠራው! ልቤ እኮ ቀጥ አለ!

ኤሊ፦ ፈታ ይበሉ ጋሼ።

አራሚው፦ ይቺን ቃል ዛሬ አትድገማት!

ኤሊ፦ እሺ። ጨምራ ያለችው ግን አለ።

አራሚው፦ ምን ጨመረች?

ኤሊ፦ «ፍቺውን ካልሰጠኝ ፍቺውን እወስዳለሁ።»

[አራሚው ዓረፍተ ነገሩን በከንፈሩ ይደግመዋል።]

አራሚው፦ የመጀመሪያው ፍቺ… ትርጉም ነው?

ኤሊ፦ መሰለኝ።

አራሚው፦ ሁለተኛውስ?

ኤሊ፦ እኔ ምኑን ከምኑ እለያለሁ ጋሼ? አጻጻፋቸው አንድ ነው።

አራሚው፦ [ላቡ እየመጣ] በል በል፣ ቃሉን ንገረኝ። አሁኑኑ እፈታዋለሁ… ማለት፣ እተረጉመዋለሁ። ቃሉ የትኛው ነው?

ኤሊ፦ ያቺ እንኳ… ተተ… ተበተ… ተተብ…

አራሚው፦ ምንድን ነው ይኼ ተብታባ! አፍህን ሰብስብ!

ኤሊ፦ ቃሉ ራሱ ነው የተተበተበው፣ እኔ ምን ላድርግ? ተ… ተተበተበብኝ! ወጣች! «ነገሩ ሁሉ ተተበተበብኝ» አልኩት ነው ያለችው። እርስዎ ምን አሏት?

አራሚው፦ ምን እላታለሁ? ከሥራ ገባች፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ነገሩ ሁሉ ተተበተበብኝ» አለች። እኔም በትሕትና «ነገር ይወሳሰባል እንጂ አይተበተብም» አልኳት።

ኤሊ፦ በትሕትና።

አራሚው፦ በትሕትና! ድምፄን እንኳ ከፍ አላደረግኩም። ተነሥታ ሄደች። ጫማዋ እግሯ ላይ ስለነበረ አልዘገየችም።

ኤሊ፦ [ጣቱን እያጠፈ ያስባል] ቆይ ጋሼ። እኔ ክር ተወሳሰበ ስል «ተተበተበ በል» አሉኝ። እሷ ነገር ተተበተበ ስትል «ተወሳሰበ በይ» አሏት። እኔና እሷ ቃላችንን ብንቀያየር ኖሮ ሁላችንም ሰላም ነበርን።

አራሚው፦ እሱማ ነው! ጠይቃችሁኝ ብትናገሩ እኮ ምንም ጠብ አይኖርም።

ኤሊ፦ ለመሆኑ የተተበተበባት ምን ነበር?

አራሚው፦ እ?

ኤሊ፦ ነገሩ። «ነገሩ ሁሉ» ካለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

አራሚው፦ [አቀርቅሮ] እሱን… አላስታውስም።

ኤሊ፦ አልነገረችዎትም?

አራሚው፦ ከዚያ በፊት የሆነ ነገር ስትል ነበር። ስለ አለቃዋ ነው፣ ስለ እናታችሁ ነው… እኔ ግሡ ጋ ደርሼ ቆምኩ።

ኤሊ፦ ግሡ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

አራሚው፦ አዎ። እስከዚያ እየጠበቅኩት ነበር።

[ኤሊ ክሩን አንድ ዙር ይጠቀልላል።]

ኤሊ፦ እንግዲህ እኔ ፍቺውን ሰምቼ ነው የማደርስላት። እሷ «ገባው ወይ?» ብላ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ሳይገባኝ ለእሷ ምን እላለሁ? «ተተበተበ»ን ይተዉት፤ እሱን ከክሩ ጋር ተላምጄዋለሁ። እኔን ያልገባችኝ ከኋላው የተንጠለጠለችው ናት።

አራሚው፦ የቷ?

ኤሊ፦ «ብኝ»።

አራሚው፦ [በንቀት] «ብኝ»! ቅጥያ ናት እሷ።

ኤሊ፦ ያኔ እሷንም አረሟት?

አራሚው፦ ምኗ ይታረማል? ትክክል ናት።

ኤሊ፦ ትክክል ስለሆነች አለፏት።

አራሚው፦ አራሚ ትክክሉን አያይም ወንድሜ። ስሕተቱን ነው የሚያየው። እንጀራዬ ነው።

ኤሊ፦ እኔ ግን እሷ ካልገባችኝ መልእክት አላደርስም።

አራሚው፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉሃል ይኼ ነው!

ኤሊ፦ ወረቀቱስ የእርስዎ ሥራ አይደል ጋሼ? ያስረዱኝ። በምሳሌ ያድርጉት፤ ያለ ምሳሌ አይገባኝም።

አራሚው፦ [ምሳሌ ሲባል ፊቱ ይፈካል] ምሳሌማ ሞልቶ! «ብኝ» ማለት የሆነው ነገር የተናጋሪው ጉዳት ሲሆን ነው። «ዘነበ» ስትል ሰማዩን ነው የምታወራው። «ዘነበብኝ» ስትል ጃንጥላ የለህም።

ኤሊ፦ ጃንጥላው የት ሄዶ ነው?

አራሚው፦ ጃንጥላውን ተወው! ሌላ፦ «መሸ» የሁሉም ሰው ነው። «መሸብኝ» ግን የአንድ ሰው ነው፤ ገና ቤቱ ያልደረሰ ሰው።

ኤሊ፦ ልሞክር። «ምሳዬን በላሁብኝ»።

አራሚው፦ አይባልም! ራስህ በልተህ ማን ላይ ታላክካለህ?

ኤሊ፦ «ሳቁብኝ»?

አራሚው፦ ይባላል። ሰዎች በአንተ ከሳቁ «ሳቁብኝ» ትላለህ።

ኤሊ፦ እኔ ልለው እችላለሁ?

አራሚው፦ ስንቴ!

ኤሊ፦ ገና በደንብ አልያዘልኝም ጋሼ። ዝናብና ጨለማ ራቁብኝ። የቤት ምሳሌ የለዎትም? እንደው ቅርብ የሆነ።

አራሚው፦ ቅርብ… እሺ። ለምሳሌ «ሚስቴ ሄደች»። ይኼ ወሬ ነው። ጎረቤትም «ሚስቱ ሄደች» ሊል ይችላል፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ብሎት ወደ ሥራው ይመለሳል። ነገር ግን «ሚስቴ ሄደች…»

[ይቆማል።]

ኤሊ፦ ይቀጥሉ እንጂ። ዋናዋ ጋ ሲደርሱ ነው የቆሙት።

አራሚው፦ [ቀስ ብሎ] «ሄደችብኝ»።

ኤሊ፦ ልዩነቱ ምንድን ነው?

አራሚው፦ በመጀመሪያው እሷ ናት የሌለችው። በሁለተኛው… እኔም የለሁም። ቁርስ አቅርቤ ሳልበላው ይመሻል። ማታ ጋዜጣ ላይ ስሕተት አገኝና «እይማ» ብዬ ዞር እላለሁ፤ ወንበሩ ብቻ ነው ያለው። ካልሲ እንኳ ጥንዱን… [አጎንብሶ ካልሲውን ያያል] ይኼ ሁሉ «ብኝ» ውስጥ ነው ያለው። በአንዲት ቅጥያ!

ኤሊ፦ ታዲያ እታለም አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «ተተበተበብኝ» ስትል…

አራሚው፦ ስለ ክር አልነበረም የምታወራው።

ኤሊ፦ ስለ ነገርስ?

አራሚው፦ ስለ ነገርም አልነበረም። ስለ ራሷ ነበር። ጃንጥላ የለኝም ማለቷ ነበር። እኔ ዝናቡን አረምኩት።

[ኤሊ ክሩን ሌላ ዙር ያዞርበታል። አሁን የአራሚው እጅ እስከ ክንዱ ቀይ ሆኗል።]

ኤሊ፦ እንዲህ ሲሆን ምን ይባላል ጋሼ?

አራሚው፦ ምን ምን ይባላል?

ኤሊ፦ ሰው እንዲህ ሲያደርግ የሚባል ነገር አለ። «አጠፋሁ» ነው? አይ፣ እሷስ ለመብራት ናት። መብራት አጠፋሁ።

አራሚው፦ ለመብራት ብቻ ማን አለህ? መብራትም ይጠፋል፣ ሰውም ያጠፋል!

ኤሊ፦ ሰው መብራት ያጠፋል።

አራሚው፦ ሰው ራሱ ያጠፋል! ጥፋት ይሠራል!

ኤሊ፦ ሰው በራሱ ላይ «አጠፋሁ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። በተለይ ከእርስዎ ቤት።

አራሚው፦ ስላልሰማህ የለም ማለት አይደለም! ለምሳሌ፦ «እኔ ባልሽ አጠፋሁ፤ ይቅር በይኝ»።

ኤሊ፦ ባልሽ?

አራሚው፦ ምሳሌ ነው!

ኤሊ፦ ገባኝ፣ ገባኝ። ቆንጆ ምሳሌ ነው። የ«ብኝ»ስ ተቃራኒ አላት? ሰው ሲጎዳ «ብኝ» ካለ፣ ሲጠቀም ምን ይላል?

አራሚው፦ «ልኝ» ነዋ! አየህ፣ ያን የሰጠሁህን መልእክትም ማስተካከል አለብኝ። «ተመለሺ» ትእዛዝ ነው፤ ወታደር ለወታደር ይለዋል። «ልኝ» ስትገባበት ግን ሰውየው ማጣቱን ይናገራል። ለምሳሌ፦ «ተመለሺልኝ»።

ኤሊ፦ አልሰማሁም። ይኼ ማሽን ጆሮዬን ደፍኖታል።

አራሚው፦ «ተመለሺልኝ» አልኩ!

ኤሊ፦ እስቲ ፊትዎን ወደዚያ ወደ መጋረጃው አዙረው ይበሉት፤ ወደዚያ ሲሉት ድምፅ ይጠራል።

አራሚው፦ [ወደ መጋረጃው ዞሮ፣ ሁለት እጁን እንደዘረጋ፣ በሙሉ ድምፁ] ተመለሺልኝ!

[መጋረጃው ይገለጣል። የአራሚው ሚስት፣ የኤሊ እኅት፣ የእጅ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ አፏ ግን ሳቅ ይዟል።]

እኅት፦ እሺ።

አራሚው፦ [ሊሸሽ ይላል፤ ክሩ ከወንበሩ ጋር ይዞታል] አንቺ! እናትሽ ቤት አልነበርሽም እንዴ?

እኅት፦ ዛሬ ሹራብ ልተኩስለት መጥቼ ነው። «አይባልም» ስትል ገና ካውያውን እያሞቅኩ ነበር።

አራሚው፦ ሁሉንም ሰማሽ?

እኅት፦ ዝናቡንም፣ ወንበሩንም፣ ካልሲውንም።

አራሚው፦ እሱ እኮ… ምሳሌ ነው! ሰዋስው እያስረዳሁት ነበር!

እኅት፦ አውቃለሁ። እኔም የምመለስልህ ለምሳሌ ነው።

አራሚው፦ ለምሳሌ? ለምሳሌ እስከ መቼ?

እኅት፦ ማታ ስለ አለቃዬና ስለ እናቴ ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ። እስከ መጨረሻው ከሰማኸኝ ምሳሌነቱ ይቀራል። መሀል ላይ ከገባህ ግን…

አራሚው፦ አልገባም! አልገባብሽም! አንድ ፊደል አልነካም!

እኅት፦ እናያለን። በል አንተ ኤሊ፣ ፍታልኝና ልውሰደው።

ኤሊ፦ በየትኛው ፍቺ እታለም?

እኅት፦ ከወንበሩ!

[ኤሊ እየሳቀ ክሩን ከአራሚው ክንድ ላይ ያወልቃል። ክሩ ተስተካክሎ ተጠቅልሎ ይወጣል። አራሚው ባዶ እጁን፣ ክሩን፣ ከዚያ የሚስቱን ወንድም በየተራ ያያል።]

አራሚው፦ ቆይ… ቆይ አንተ! «ብኝ» አልገባችኝም ያልከው ውሸትህን ነበር?

ኤሊ፦ ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። እሷንማ አሳምሬ አውቃታለሁ። ዛሬ በዚያ በር ብቅ ሲሉ በልቤ ምን ያልኩ ይመስልዎታል?

አራሚው፦ ምን አልክ?

ኤሊ፦ «መጡብኝ!»